ግብሩ በማን ስም፣ ሸክሙ በማን ጫንቃ?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቤት ግብር ነው። እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ብታዘጋጁ ደስ ይለኛል፤ መሀል ላይ አብረን የምንሠራት ትንሽ ሒሳብ አለች። መኪና የምትነዱ ግን መሪያችሁን ያዙ፤ ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች እደግማቸዋለሁ።

ነገሩን ከአንድ ሰርቪስ ቤት ደጃፍ እንጀምር። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ በሩ ይንኳኳል። የግቢው ባለቤት ናቸው። ሰላምታው ይረዝማል፣ የልጆቹ ጤና ይጠየቃል፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ትንሽ ይወራል። ከዚያ በኋላ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ እኔም ወድጄ አይደለም፤ ግብር ተጨመረብኝ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ አንድ ሺህ ብር ጨምሩልኝ» ይላሉ። ተከራይዋም «እሺ እትዬ፣ ከባለቤቴ ጋር ልመካከር» ብላ በሩን ትዘጋለች። ከባለቤቷ ጋር የሚመካከሩት ከምን ላይ እንደሚቀንሱ ነው፤ ከልጁ ወተት ወይስ ከትራንስፖርቱ?

እኔም በሰርቪስ ቤት በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ግብሩ ስንት እንደሆነ ስለማላውቅ የተባልኩትን ከመክፈል በቀር ምን ልል እችላለሁ? ዛሬ ይህን ዝግጅት ያሰናዳሁት እንደያኔው እኔ በር ዘግተው ለሚያሰላስሉ ሰዎች፣ በሩን ላንኳኩትም እናት ጭምር ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «የቤት ግብር» ስንል ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቀን ነው የምንጠራው። ሰው ቤቱን ይዞ ስለተቀመጠ ብቻ በየዓመቱ የሚከፍለው አለ፤ በአዲስ አበባ ሰው አፍ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚባለው ይሄ ነው፤ ከቦታ ኪራዩ ጋር አብሮ ይከፈላል። ቤቱን ሲያከራይ ካገኘው ገንዘብ ላይ የሚከፍለው የኪራይ ገቢ ግብር ደግሞ ሌላ ነው። ሦስተኛው ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚከፈለው አሹራና ቴምብር ነው። ሦስቱም ከአንድ ግቢ ይወጣሉ፤ በሰው ኑሮ ላይ የሚያደርሱት ግን ለየቅል ነው።

አሁን ወደ ሒሳባችን። የሰርቪስ ቤቷ ኪራይ በወር 5,000 ብር ነው እንበል። በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከዚህ ገቢ ላይ ግማሹ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና እንዲቀነስለት ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ግብር ይታሰብ የነበረው በ30,000 ብር ላይ ብቻ ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ በነበረው ሰንጠረዥ መሠረት ከዚህ ውስጥ 7,200 ብር ነጻ ነበር። ከዚያ እስከ 19,800 ብር ያለው 10 በመቶ ይከፈልበት ነበር፤ 1,260 ብር። የቀረው 10,200 ብር 15 በመቶ ይከፈልበት ነበር፤ 1,530 ብር። ድምሩ በዓመት 2,790 ብር ነው። ለ12 ስናካፍለው በወር 232 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ልድገመው፦ ከ5,000 ብር ኪራይ ላይ በወር 232 ብር ከ50።

እዚህ ላይ አትቁሙ፤ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ኪራዩ በአንድ ሺህ ብር ጨምሮ 6,000 ሲሆን የዓመቱ ገቢ በ12,000 ያድጋል፤ ግማሹ ይቀነሳል፤ በቀረው 6,000 ላይ 15 በመቶ ሲታሰብ ተጨማሪው ግብር በዓመት 900 ብር ነው። በወር 75 ብር። በዚያ ሰንጠረዥ በግብር ስም ከተጨመረው አንድ ሺህ ብር ውስጥ ለመንግሥት ይገባ የነበረው 75 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የዛሬውን ሰንጠረዥ በወረዳችሁ ካለው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ በዚሁ መንገድ አስሉት። የስሌቱን አካሄድ ከያዛችሁ ቁጥሩን መቀያየር ቀላል ነው።

ይህን ስል አከራዮችን ለማሳጣት አይደለም። ሲሚንቶ ጨምሯል፣ ቆርቆሮ ጨምሯል፣ የጉልበት ዋጋም እንዲሁ። አከራይዋም ከተከራይዋ ጋር በአንድ ገበያ ነው ሽንኩርት የሚገዙት። ኪራይ ለመጨመር እውነተኛ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱ የኑሮ ውድነት ሲሆን ስሙ ግብር ከተባለ፣ ሁለቱም ወገን ሊነጋገርበት የሚገባውን ነገር ይስታል።

ለመሆኑ አከራይ ግብር ሲጨመርበት ወደ ተከራይ ሊያሻግረው ይችላል ወይ? የምጣኔ ሀብት ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ኪራይን የሚወስነው ቤት ፈላጊው ስንት ነው፣ የሚከራየው ቤትስ ስንት ነው የሚለው ነው። ተከራይዋ አንድ ሺህ ብር ጨምራ የምትቀመጥ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ግብሩ ሳይመጣም ሊጠየቅ ይችል ነበር። ግብር ስለተጨመረ ብቻ የቤት ፈላጊው ደመወዝ አያድግም። ስለዚህ በአጭር ጊዜ የግብሩ ሸክም በአብዛኛው ባለቤቱ ላይ ይቀራል።

በረጅም ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ግብሩ ማከራየትን የማያዋጣ ካደረገው አንዱ ሰርቪሱን ዘግቶ ዕቃ ማስቀመጫ ያደርገዋል፣ ሌላው ሊሠራ ያሰበውን ሁለት ክፍል ይተወዋል። የሚከራየው ቤት ሲያንስ ኪራይ ይንራል፤ ሸክሙም ያኔ ተከራዩ ጫንቃ ላይ ያርፋል። ተከራይዋ ለተሠራ ቤት የሚከፈለውን ግብር ባትከፍል እንኳ፣ ሳይሠራ ለቀረው ቤት ትከፍላለች።

አዲስ አበባን በምሽት ስትዞሩ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ተሠርተው ያለቁ፣ መስታወታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ግን ከመሸ በኋላ መስኮታቸው የማይበራ አፓርታማዎች አሉ። ባለቤቶቻቸው ብዙ ጊዜ ብር ከሚረክስ ብለው ገንዘባቸውን ኮንክሪት ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። አሁን ሁለቱን ግብሮች ጎን ለጎን አስቡ። የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፍለው በሩን ከፍቶ ሰው ያስገባው ነው፤ ቆልፎ የተቀመጠው ምንም አይከፍልም። በየዓመቱ በንብረቱ ላይ የሚጣለው ግብር ግን ቤቱ ቢከራይም ባይከራይም ይመጣል። ባዶ ቤት ይዞ መቆየት ወጪ ሲኖረው ባለቤቱ «ቢያንስ ግብሩን ትሸፍን» ብሎ ማከራየት ይጀምራል። አንደኛው ግብር በር ያዘጋል፤ ሁለተኛው በር ያስከፍታል። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ አድማጮቼ አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንዲቀሩ ቢፈቀድልኝ ይህንን ልዩነት እመርጣለሁ። ስለ ቤት ግብር ስንከራከር «ይጨመር» «አይጨመር» እንላለን እንጂ የትኛው ግብር ብለን አንጠይቅም።

በየዓመቱ የሚከፈለውም ቢሆን በምን ላይ እንደሚጣል መለየት አለበት። ግድግዳ ላይ የሚጣል ግብር ግድግዳን ይለውጣል። እንግሊዞች ከ1696 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. ቤትን በመስኮቱ ቁጥር ግብር ያስከፍሉ ነበር። ሰዉ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነው። ዛሬም በአንዳንድ የድሮ ቤቶች ላይ የተደፈኑት መስኮቶች ይታያሉ። መንግሥት ገንዘቡን አጣ፤ ነዋሪው ብርሃኑንና አየሩን አጣ። ቦታ ግን አይደፈንም፣ አይሸሽም፣ አይቀንስምም። በቦታ ዋጋ ላይ የሚጣል ግብር የሚሠራውን ሰው ሳያስቀይም አጥሮ የተቀመጠውን የሚነካው ለዚህ ነው። በጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም የቦታ መጠቀሚያ መብትንና ሕንፃን ለይቶ ያያል። ይህ መልካም ጅምር ነው። አንድ ከባድ ጥያቄ ግን አለ። በሊዝ ጨረታ ቦታ የወሰደ ሰው የቦታውን ዋጋ ለመንግሥት እየከፈለ ነው፤ ነባር ይዞታ ያለው ጎረቤቱ ደግሞ በዓመት ጥቂት ብር የቦታ ኪራይ ይከፍላል። በሁለቱ ላይ እኩል ግብር ቢጣል የመጀመሪያው ለአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ የከፈለ ያህል ይሰማዋል፤ ስሜቱም መሠረት የሌለው አይደለም።

ወደ ኋላ እንመለስ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ትንንሾቹ ቤቶች ለቀበሌ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተሰጡ፤ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም እንዲቀነስ ተደረገ። ለተከራዩ የዚያን ጊዜ እፎይታ ነበር። እያደር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ለጣሪያ መጠገኛ እንኳ የማይበቃ ሆነ፤ የቀበሌ ቤት ሲባል የሚያፈስ ጣሪያና የጋራ ሽንት ቤት የሚታወሰን ለዚህ ነው። በማግስቱ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ደግሞ የጣሪያና ግድግዳን ግብር መሠረት ጣለ። ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያስገኝ የሚችለው ገንዘብ ይገመትና ከዚያ ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ይከፈል ነበር። ግምቱ ባደገ ቁጥር መቶኛውም ያድግ ነበር።

ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ደረጃዎቹ የተቆረጡት በ1968 ብር ነው። ያኔ «ትልቅ ቤት» ያሰኝ የነበረው ኪራይ ዛሬ የአንዲት ክፍል ኪራይ አይሆንም። ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ከገበያው ርቆ ቆየ፤ ሰዉም ዓመታዊውን ግብር ከታክሲ ሒሳብ በማይበልጥ ገንዘብ መክፈል ለመደ። በ2015 አዲስ አበባ ግምቱን ስታሻሽል ብዙ ቤተሰብ የደነገጠው ግብር አዲስ ነገር ሆኖበት አይደለም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሊጨመር የሚገባው በአንድ ጊዜ ስለመጣ ነው። ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬም ድረስ የቤት ግብር የሚታሰበው ቤቶቹ በ1991 እ.ኤ.አ. በነበራቸው ዋጋ ነው። ግምቱ በቆየ ቁጥር ለማሻሻል የሚደፍር ፖለቲከኛ ይጠፋል።

ድንጋጤው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ማንን ነው? አንዲት ጡረተኛ እናት አስቡ። ጉለሌ አካባቢ ከባለቤታቸው ጋር የሠሩት የጭቃ ቤት አላቸው። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ልጆች የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ቦታው ዛሬ ቢጠራ ሚሊዮኖች ያወጣል። እጃቸው ላይ የሚገባው ግን ወርሃዊ ጡረታ ብቻ ነው። በወረቀት ሀብታም፣ በመሶብ ድሃ ናቸው። «ሽጠው ወደ ዳር ይውጡ» ማለት ቀላል ነው። ዳር ላይ ግን የሠላሳ ዓመት እድራቸው የለም፣ የሚሳለሙት ደብር የለም፣ ሲታመሙ ደጃፋቸውን የምታንኳኳ ጎረቤት የለችም። ይህንን የሚመዝን የግብር ሰንጠረዥ የለም፤ ስለዚህ ሕጉ ራሱ ቦታ ሊተውለት ይገባል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው ግዛት ዕድሜው 55 የሞላው ባለቤት ግብሩ እንዲቆይለት መጠየቅ ይችላል። ዕዳው ከወለዱ ጋር በቤቱ ላይ ተመዝግቦ ይቆይና ቤቱ ሲሸጥ ይከፈላል። ከተማውም ገንዘቡን አያጣም፣ እናቲቱም ከደጃፋቸው አይነቀሉም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መንገድ ቢከፈት ከልቤ ደስ ይለኛል።

ካሊፎርኒያ በሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1978 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው የውሳኔ ሐሳብ 13 (ፕሮፖዚሽን 13) የሚባለው ሕግ ግብሩን ቤቱ በተገዛበት ዋጋ 1 በመቶ ላይ ወሰነው፤ ግምቱም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር አገደ። እንደ ጉለሌዋ እናት ያለች ጡረተኛ ዳነች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ግን ጉዳቱን ያውቁታል። በአንድ መንገድ ላይ ባሉ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች፣ ዘንድሮ የገባው ስደተኛ ከአርባ ዓመት ነባር ጎረቤቱ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ነባሩም ቢሸጥና ቢዛወር አዲሱ ግብር ስለሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ከቤቱ አይነቃነቅም፤ ለወጣት ቤተሰብ የሚተርፈው ቤት ያንሳል።

አሁን ቤት ለመግዛት ለምትቆጥቡ ወጣቶች። ዓመታዊ ግብር ቤት መግዛትን ያከብዳል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ሌላ ገጽታም አለው። አንድ ቤት በየዓመቱ 10,000 ብር ግብር የሚከፈልበት ቢሆን፣ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው በዓመት 10 በመቶ የሚያገኝ ገዢ «ይህን ግብር ለመክፈል 100,000 ብር ማስቀመጥ አለብኝ» ብሎ ያሰላል፤ ከዋጋው ላይም ያን ያህል ለመቀነስ ይከራከራል። ስለዚህ ግብሩ የሚጎዳው በተጣለበት ቀን ቤቱን የያዘውን ነው፤ ኋላ የሚመጣው ገዢ በዝቅተኛ ዋጋ ገብቶ ልዩነቱን በየዓመቱ ይከፍለዋል። ዕቁብ ጥሎ ከዘመድ ተበድሮ ቅድሚያ ክፍያ ለሚያሟላ ሰው ይህ መጥፎ ልውውጥ አይደለም።

ወጣቱን በእርግጥ የሚጎዳው የዝውውሩ ክፍያ ነው። አሹራው 4 በመቶ፣ ቴምብሩ 2 በመቶ፤ በአንድ ላይ 6 በመቶ። በ4,000,000 ብር የሚገዛ ቤት ላይ 240,000 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የሚጠየቀው ቤተሰቡ ኪሱን አራግፎ በጨረሰበት ዕለት ነው። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ገሚሱ በውሉ ላይ ዋጋ ያሳንሳል፣ ገሚሱ ስም ማዛወሩን ትቶ በውክልና ይገዛል። ሻጩ የሞተ ቀን ውክልናውም አብሮ ይሞታል፤ ወራሾች ይመጣሉ፣ የገዢው የአሥር ዓመት ልፋት ፍርድ ቤት ይንከራተታል። ሌላም ጉዳት አለ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሥራው ፒያሳ ከሆነ ሽጦ ቅርብ ቢገዛ ይሻለው ነበር። ሲሸጥም ሲገዛም የሚወጣውን ሲያስበው ግን ያንን አከራይቶ ፒያሳ አካባቢ ይከራያል፣ ወይም በየቀኑ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጨርሳል። እኔ ብጠየቅ የዝውውሩን ክፍያ ቀንሼ የጎደለውን ዓመታዊው ግብር እንዲሸፍነው አደርጋለሁ፤ ሰው ኑሮው ወደሚመቸው ቦታ በመዛወሩ ሊቀጣ አይገባም።

ወደ ሰርቪስ ቤቷ ደጃፍ ልመለስ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጭማሪውም አከራይ በፈለገው ወር ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። እዚህ ላይ ግብር ተመልሶ ይመጣል። የተመዘገበ ውል ለገቢዎችም ስለሚታይ «በውሉ ላይ 3,000 ብለን እንጻፍ፣ የቀረውን በእጅ ትሰጪኛለሽ» የሚል አከራይ አይጠፋም። እህቴ፣ ይህን ከመፈረምሽ በፊት አስቢ። በእጅ የሰጠሽው ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ ነገ በእጅ የሚሰጠው ቢጨመር የምታሳዪው ሰነድ አይኖርሽም። ለእርስዎም እማማ፣ ቀደም ብለን በሠራነው በቀድሞው ሰንጠረዥ ስሌት ከ5,000 ብር ላይ ይከፈል የነበረው በወር 232 ብር ከ50 ነው። ለዚያ ብለው በውሸት ውል ከሚጨነቁ፣ ወረቀቱን አውጥተው ከተከራይዎ ጋር ቡና ላይ ቁጭ ብለው ቢያሰሉት ይሻላል።

የራሳችሁን ሒሳብ ሠርታችሁ ያልገባችሁ ነገር ካለ ጻፉልን፤ የኪራዩን መጠንና ውሉ የተፈረመበትን ወር አትርሱ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ሊዝና ነባር ይዞታ እንነጋገራለን። ደህና እደሩ።